ከጋቢ ሥር የተበላ ድፎ

ሰው የሚፈራውን አይመርጥም ይላሉ። እኔ እመርጣለሁ። ሰባን ከዘለልኩ ወዲህ የማልወደው ነገር በዝቷል፤ ብርድ አልወድም፣ ረጅም ንግግር አልወድም፣ «አይዞዎት፣ ገና ጠንካራ ነዎት» የሚለኝንም ሰው አልወድም። የሚያስፈራ ፊልም ግን እወዳለሁ። ይኸው ተናገርኩት። የነፍስ አባቴም ያውቃሉ፣ በቅሎዬም ታውቃለች። ወረታ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ልጓሟን ሳልነካ ሄዳ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ትቆማለች።

ሰይድ ጨውና ሳሙና፣ ክብሪትና ባትሪ ይሸጣል። ከመደርደሪያው በላይ ቴሌቪዥን ሰቅሏል። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለኝ፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ በአማርኛ የተተረጎመውን ይከፍትልኛል። (ይህንንም ቢሆን እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፤ ስሕተት ካገኛችሁ የጸሐፊው ነው።) ትርጉም የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ፊልሙን ሁሉ ይናገረዋል። ገዳዩም እሱ፣ ሟቿም እሱ፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ጭራቅም እሱ። ሦስቱ ባንድ ላይ ሲጮኹ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያኔ ከሟቿ ይልቅ ለእሱ አዝናለሁ።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ መዝሙር ቢያዩ አይሻልም?» ይለኛል ሰይድ።

«መዝሙሩን ደብሬ እሰማዋለሁ። ጭራቁን የማገኘው አንተ ዘንድ ነው።»

እንግዲህ አስተያየቴን ልስጥ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ዝም አይነቅዝም እያልኩ ይህን ያህል ዘመን ተቀምጫለሁና አሁን ጥቂት ብናገር አይፈረድብኝም። መቃብር ፈንቅለው የሚወጡት ሙታን አያስፈሩኝም። እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት፤ የእኛን የፎገራን ረግረግ በክረምት ቢሞክሩት አንዱም ከጭቃው አይወጣ። ደም መጣጩ ሰውዬ ደግሞ ኩራት አለበት፤ ካባውን ሲያስተካክል ጎህ ይቀድበታል። ልቤን የሚያርደው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሰው ሆኖ ውሎ ወደ አውሬ የሚለወጠው። እሱን ሳይ እግሬን ከመሬት አነሣለሁ። ለምን ብትሉ፣ ሌላው ሁሉ በር ሰብሮ ነው የሚገባው። ይኸኛው እራት አብሮህ በልቶ ነው።

በፍቅሩ ነገር ግን ከፊልም ሠሪዎች ጋር ተጣልቻለሁ። በአማርኛ ፊልም ሽማግሌ ከወደደ ያለው ዕጣ ይታወቃል፤ ወይ ቦርጫም ሀብታም ሆኖ የልጅ ልጁን የምታህል ኮረዳ በመኪና ያሳድዳል፣ ወይ ከዘራው ከእጁ ወድቆ መሳቂያ ይሆናል። ያረጀች ሴት ከወደደችማ እብድ ናት። ሽማግሌ አሮጊትን እንደ ሰው ሲወድ፣ እንጨት ሲፈልጥላት፣ «ወገብሽን እንዴት አደረገሽ?» ሲላት የሚያሳይ አንድም አላየሁ። ለመሆኑ ልብን ጡረታ የሚያወጣት ማን ነው?

የፈረንጁ ደፋር ይመስላል እንጂ መጨረሻው ላይ እሱም ይፈራል። አንድ የገበያ ቀን፣ ሚስቱ የሞተችበት አናጢ አውሬ የምትሆን ሴት ሲወድ አየሁ። እያወቀ ወደዳት። ጥርሷ ሲያድግ ፊቱን አላዞረባትም፤ ብርድ ልብስ አለበሳት። «ጎሽ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰይድ ደንበኞች ዞረው አዩኝ። በመጨረሻ መንደርተኛው ችቦ ይዞ ሲመጣ ግን ያ አናጢ ራሱ ተኩሶ ገደላት። ለእሷው አዝኖ ነው አሉ! ያንን ሁሉ መንገድ አብሯት መጥቶ፣ ሰው ሲመጣበት አፈረባት በሉኝ እንጂ ምኑ ነው ማዘን? ከበርጩማዬ ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ ከበሩ በኩል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«እሱስ ይሁን። ስትለወጥ ቀሚሷን የት ነው የምታስቀምጠው?»

ብርቄ ነበረች። ጨው ልትገዛ መጥታ ቆማ ታያለች።

ብርቄ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከአንበሳሜ እስከ ወረታ እሳት ላይ ከሚጣደው ድስት ብዙው በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ስለ ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር የሚወራውን አልነግራችሁም ብል ደስ ባለኝ። ቡዳ ናት ይላሉ። ዓይኗ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይላሉ። በእሷ ድስት ይቀቅላሉ፣ በእሷ እንስራ ውኃ ይቀዳሉ፣ እሷ በደጅ ስታልፍ ግን መሶቡን ይከድናሉ። ድስቱን ወዶ እጁን መፍራት! ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር ፈረንጅም አላሰበው።

«አንቺ ደግሞ ይህን ምን ልትሆኚ ታያለሽ?» አልኳት።

«አያ ተገኘ፣ ትለወጫለሽ እየተባልኩ አረጀሁ። እንዴት እንደሚደረግ አይቼ ልማር ብዬ ነው። ሌላው ቢቀር ሸክላዬን ተሸክሜ ገበያ የምወጣው በአራት እግር ይሆንልኛል።»

ሳቅሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሰይድ ሁለተኛ በርጩማ አወጣ። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ሁለት ሆነን ነው የምንፈራው። እሷ አስፈሪው ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ሰዎቹ ሲሳሳሙ ደግሞ «ኧረ ልጁ ከጭራቁ ጋር ብቻውን ቤት ነው፣ ምን ያዘገያቸዋል?» ብላ ትቆጣለች። እንዲህ ያለች ሴት ካገኘህ በኋላ ብቻህን መፍራት አይጥምህም።

ላገባት መቁረጤን ለልጄ ለደምሴ ነገርኩት። ደምሴ ቁሐር ሚካኤል ከእኔ አጠገብ ጎጆ ወጥቶ መሬቴን የሚያርስ፣ ሩዝ የሚያበቅል፣ ክፋት የሌለው ልጅ ነው። አልጮኸም። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«አባ፣ እርስዎ ይሞታሉ» አለኝ።

«እንዴታ!»

«እርስዎ ይሞታሉ፤ እኛ ግን እዚሁ ነን ማለቴ ነው። ነገ ልጄን ሊጠይቁ ሲመጡ አጥንት ይቆጥራሉ። ያያቷ ሚስት ማን ነበረች ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ሸክላ ሠሪ ነበረች በል።»

«እሷንም አያኖሯት። መንደሩ ውስጥ አንድ ሰው ባመመው ቁጥር እሷ ናት።»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ድንገት ሆዱን ከያዘውና ከተንፈራፈረ «ቡዳ በላው» ይባላል። ጭስ ያጥኑታል። «ማን በላህ? ተናገር!» እያሉ ይይዙታል። ታማሚው የለፈለፈው ስም የማን ነው? የዚያ ሰው ነገር አለቀ። የሚሄድበትን አገር ይፈልግ።

ስለዚህ ደብቄ ላግባት? አልደብቅም አልኩ።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ማኅበርተኛ ከጽዋው ቤት ሳይቀምስ አይወጣም፤ ቢወጣ የናቀው እኔን ሳይሆን ሚካኤልን ነው። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ አልዋሽም። ሁሉም ከገቡ በኋላ ብርቄን ከጓዳ ጠራኋትና ከመሶቡ ትይዩ፣ መደቡ ላይ፣ ቤቱ ሁሉ በሚታያት ቦታ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ብርቄ ናት። ሩዙ ሲገባ በቁርባን እንጋባለን» አልኩ። ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ተቀመጥኩ።

የነፍስ አባቴ መምሬ ውበቱ ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ለየሰዉ ታደለ። ማንም አልጎረሰም። ብርቄ ሰዉን ታያለች፣ ሰዉ ዳቦውን ያያል፣ የጠላው አረፋ ይሞታል። ጽዋ ጥሎ መውጣት አይቻል፣ በእሷ ዓይን ፊት መጉረስ አይቻል። እንዲህ ሆነው ሲጨነቁ ቆይተው በመጨረሻ አያ ገበየሁ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መላ መታ። ጋቢውን በራሱ ላይ ጎተተና ዳቦውን ይዞ ገባ። ጎረቤቱ አየውና እሱም ገባ። ቀጥሎ ያለውም። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ነጭ ጉብታ በነጭ ጉብታ ሆነ። ፊት የለ፣ ዓይን የለ፤ ነጭ ነገር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሮ ያኝካል። ልጄ ደምሴም ከጉብታዎቹ አንዱ ነው። መምሬ ውበቱ ብቻ አልተከናነቡም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ። ጸሎት ይሁን ፍርሃት እሳቸውና እግዜር ይወቁት።

ስንት ፊልም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም።

ብርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ተገኘ፣ ከእኔና ከእነዚህ የሚያስፈራው ማን ነው?» አለችኝ።

«ከከበደሽ ወደ ጓዳ ግቢ።»

«ምን ቆርጦኝ! ገና መጀመሩ ነው።»

በማኅበር ሰው በይሉኝታ ነው የሚበላ። ቆርሶ ይተዋል፣ «በቃኝ፣ በሚካኤል!» ይላል፣ ብዙ ተለምኖ ጥቂት ይጎርሳል። ጋቢ ውስጥ ግን ይሉኝታ የለም። ማን ያየዋል? እጅ ብቻ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ ይላል፣ ይዳብሳል፣ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ድፎው አለቀ። ለማግሥት የተቀመጠው ድፎም ወጣ፤ እሱም አለቀ። ጋኑ ተንጠፈጠፈ። ከዚያ አንድ በአንድ ከጋቢያቸው ወጡ፤ አፋቸውን ጠርገው፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ «ያግባልን፣ ያግባልን» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የደምሴ ሚስት እየጮኸች መጣች። «ኧረ አባ ይድረሱ! ደምሴ ተበላ!»

ብርቄ ቤቴ ነበረች፤ ለማኅበሩ ያዋሰችኝን ድስቶች ልትወስድ መጥታ። «አንቺ ቅሪ» አልኳት።

«ስሜን ሲጠሩ ካጡኝማ ሸሸች ይላሉ» ብላ ቀደመችኝ።

ደምሴ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። አያ ገበየሁ በገል ላይ የሚጨስ ነገር ይዞ ቆሟል። በሌላው እጁ የራሱን ሆድ ይዟል፤ ማን ልብ ብሎት! ጭሱን ወደ ልጄ አፍንጫ እየሰደደ፣ «ተናገር! ማን በላህ? ተናገር!» ይላል። ደምሴ ያስላል። ሰዉ ግን ደምሴን አይደለም የሚያየው፤ ደጃፉ ላይ የቆመችውን ብርቄን ነው። አንድ ቃል ቢወጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎጆዋ ላይዋ ላይ ይፈርሳል። ልጄ ደግሞ አባቱ እንዲተዋት የሚፈልግ ልጅ ነው። መጣላት አይጠበቅበት፣ መለመን አይጠበቅበት፤ ስሟን መጥራት ብቻ ይበቃዋል። እኔ ፍርሃቴን መርጬ የምፈራው ሰውዬ ግድግዳውን ያዝኩ።

«ተናገር!»

ደምሴ እኔን አየኝ። እሷን አየ። ከዚያ ገሉን በእጁ ገፋው።

«ዳቦ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዳቦ ነው! ጋቢ ውስጥ ሆኜ ስንቱን እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አጠገቤ የነበረውንም ሰው ድርሻ ዳብሼ ወስጃለሁ። ጠላውንማ አታንሡት። ይህን ጭስ አርቁልኝና ፌጦ አምጡልኝ!»

በእኛ አገር ሰው «ሌባ ነኝ» ቢል ይቀለዋል። ሆዳም መባል እስከ ልጅ ልጅ የሚወርድ ስም ነው። ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ገበየሁ ገሉን እንደያዘ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ፌጦው ከተረፈ... ለእኔም» አለ። የሚስቅ ጠፋ፤ ያልታመመ ማኅበርተኛ አልነበረምና። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ያን ቀን ዳዋው ለጥቂት ተረፈ።

ፌጦውን ብርቄ በጠበጠችው። ደምሴ ከእጇ ተቀብሎ ጠጣው። ሳይሸፈን፣ እያየችው።

ሰዉ ሲበተን፣ «ፈቀድክ ማለት ነው?» አልኩት።

«አልፈቀድኩም፤ በውሸት ሰው አላስነቅልም ነው ያልኩት።»

«የልጅህ አጥንትስ?»

«ምን የቀረ አጥንት አለ? ከእንግዲህ የሆዳሙ ልጅ ናት የሚሏት። የእርስዎ ሸክላ ሠሪ ከዚህ አትብስም።»

ሩዙ ገባ። መምሬ ውበቱ ሥጋ ወደሙ አጥንት አይቆጥርም ብለው አቆረቡን። ደምሴ አልፈቀደም፤ ግን መጥቶ ከወንዶቹ ኋላ ቆመ። ከቁርባን በኋላ እንደምታውቁት አፍ በነጠላ ይሸፈናል፣ አይወራም። ስንወጣ ሰዉ በደጀ ሰላሙ ግራና ቀኝ ቆሞ ይጠብቀናል፤ የሚመርቅ አለ፣ ምድር ምድሩን የሚያይ አለ። መውረጃው ላይ ድንጋዩ ይንሸራተታል። የብርቄን እጅ ያዝኩ።

ድንጋዩ አለቀ። ሜዳ ላይ ወጣን።

አያ ገበየሁ ተጠጋኝና፣ «ኧረ ተገኘ፣ ነውር ነው! በዚህ ዕድሜ፣ በቀን፣ በሰው ፊት!» አለኝ።

አፌ ተሸፍኗል፤ ምን ልበለው? እጇን ግን አልለቀቅሁም።