የስቶቭ ሽቦ ለከንፈር

ሰው ማጨሱ አይደለም የሚያናድደኝ። ውሸቴን ነው፣ እሱም ያናድደኛል። ግን የባሰ የሚያንጨረጭረኝ፣ እያጨሱ እንኳ ሥራውን በወጉ አለመሥራታቸው ነው። ኃጢአትም እኮ ጥንቃቄ ይፈልጋል!

የልጅ ልጄ ተመስገን የሁለት ልጆች አባት ነው። በሰው አገር፣ አሌክሳንድራ በሚሉት ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ዳቦ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። እኔ ከሆሳዕና ከመጣሁ ወዲህ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጎጎ" ይለኛል፤ አያቴ ማለቱ ነው። ሰው ማክበር ያውቃሉ፣ አልዋሽም።

ታዲያ እዚህ ሲጋራ ትተው ቬፕ የሚሉትን ይስባሉ። ምን መሰላችሁ? ባትሪ የጎረሰች ብረት ናት። ውስጧ ኮይል የሚባል ጥቅል ሽቦ አለ፤ በሽቦው መሀል ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ሽታ ያለው ፈሳሽ። ቁልፏን ሲጫኑ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ሰውዬው ይጎትታል። የእኛው ስቶቭ ናት እኮ! ከንፈር ላይ ጣዷት እንጂ ሌላ ምን ጨመሩባት?

ተመስገን ይህን ሽቦ ለደንበኛ መጠቅለል ጀመረ። ማን አስተማረህ ብለው፣ ስልክ ላይ አየሁ አለኝ። ስልክ ላይ አይቶ! ሠርግም ስልክ ላይ ይታያል፤ ታይቶ ትዳር ይቆማል?

አንድ ቀን ጠዋት ሲፖ መጣ። ሲፖ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ግዙፍ ሰው። ሚኒባሱን ሰው እንደሞላ ከደጃችን አቁሞ ቬፑን ሊወስድ ወረደ። ተመስገን ጥጡን ከመክተቱ በፊት ሊያሳየው ቁልፏን ጫን ቢያደርጋት፣ የሽቦው አንድ ጫፍ ፍም መሰለ፤ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ይህን ደግሞ አውቀዋለሁ። የስቶቭ ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጠን፣ ጎትተን እንቀጥለው የለ? ባጠረ ቁጥር እሳቱ ይብስበታል። የእኔዋ ስቶቭ አምስቴ ተቀጥላ በመጨረሻ ድስቱን ትታ ሶኬቱን ነው ያቀለጠችው።

ሽቦውን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ደሜ ፈላ። የእኔ ነው! ለልጅ ልጄ ቤት መጠባበቂያ ይሁን ብዬ በሻንጣዬ ይዤው የመጣሁት የስቶቭ ሽቦ! ወፍራሙን ሽቦ አምስት ዙር ብቻ ቆርጦ፣ አውራ ጣት በምታህል ባትሪ ላይ አሰረው። በግን የአህያ ጭነት መጫን አይደለም? ባትሪዋስ? ጃኬት የሚሉት ስስ ሽፋኗ ተቀድዶ ብረቷ ይታያል፤ እሷን በፕላስተር ለጥፏት ቁጭ።

"ተሜ፣ ይህን እንዳትሰጠው" አልኩት።

"ምንም አይልም፣ እማማ" አለኝ።

ምንም አይልም! ስንቱ ቤት የነደደው በምንም አይልም ነው?

ጥጡን ጠቅጥቆ፣ ክዳኑን ገጥሞ አቀበለው። ሲፖ ቁልፏን ተጭኖ አፉ ጋ ሲያደርሳት፣ እጄን በፍርግርጉ አውጥቼ ነጠቅኩት። ትፋጃለች! ወደ ደጁ አሸዋ ወረወርኳት። "ሀይቦ፣ ጎጎ!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ምን ነካሽ ማለቱ ነው። አፉን ሳይዘጋ ሽሽ ብላ ነጭ ጭስ ተፋች፤ ቀጥሎ ነበልባል። ሲፖ ከንፈሩን በመዳፉ ሸፈነ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን በመስኮት አወጣ። መሪ ይዞ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ሁሉ የሰው ልጅ ጭኖ!

ተመስገን ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሽቦው እኮ ያንቺ ነው።"

"ቢላዋውም የእኔ ነው፤ አንገትህን ቁረጥበት ብዬሃለሁ?" አልኩት።

ማጨስ ተዉ ብል የሚሰማኝ የለም። እንግዲያው በወጉ ሥሩት አልኩ። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ሽቦ መጣ። ዙሩ እንደ ሹሩባ እኩል ይሁን፤ ትርፉን የሽቦ እግር፣ ከዙሩ ወጥቶ የቀረውን ጫፍ፣ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ያን እሳት ያመጣው ክዳኑን የነካ እግር ነው። ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ በቁጥር በምታሳይ መለኪያ ሳይለካ ባትሪ አይነካም። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ፤ ቁጥሯ ባነሰች መጠን የባትሪዋ ሸክም ይከብዳል። ጥጡ ሳይገባ ጫን ለቀቅ ታደርጉና ከመሀል ወደ ዳር እኩል ካልቀላ እንደገና! ጥጡ ከጠበቀ ፈሳሹ አይደርሰውም፣ ያርና ጉሮሮ ይልጣል። ከላላ ያንጠባጥባል። ሳይርስ ደግሞ ማንም እንዳይስብ። ጃኬቷ የተቀደደ ባትሪ አይኔ እንዳያያት፤ ደህናዋም ብትሆን ከቁልፍ ጋር ኪስ አትገባም፣ የራሷ ሳጥን አላት።

ውጤቱስ? ሲፖ አንዴ ስቦ ሲተነፍስ ያ ግዙፍ ሰውዬ ከፊቴ ጠፋ። ከደመናው ውስጥ ድምፁ ብቻ "ሻርፕ፣ ጎጎ!" እያለ ያመሰግነኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የሰፈሩ አጫሽ ሁሉ "ጎጎ ሳታየው አልስብም" ይል ጀመር። ጭሱን ላጠፋ ተነስቼ ጭሱን አሳመርኩላቸው! ብተዋቸው ይቃጠላሉ፤ ብፈትሽላቸው ያጨሳሉ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

እሁድ ዱርንፎንቴን ወዳለው ጸሎት ቤታችን ሄጄ ነገሩን ለጌታ አቀረብኩ። እኛ ዘንድ ሁሉም በአንድነት ጮክ ብሎ ነው የሚጸልየው፤ ማን የማንን ይሰማል? እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አምርሬ ጮህኩ። ለካ መጋቢው "በኢየሱስ ስም" ብሎ ዘግቶ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብቻዬን፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ጭስ ከልባቸው ንቀል! እስክትነቅለው ድረስ ግን የሽቦውን እግር ያሳጥሩ፣ ጥጡንም አያጥብቁት!" እላለሁ።

መጋቢው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከመዘምራኑ ወንበር ግን ሦስት ጎርናና ድምፆች "አሜን!" አሉ።

እኔ እኮ የምጸልየው ለአሌክሳንድራ አጫሾች ነበር።