ብርቱካን ጋውን የለበሰች ሰሞን

እኛና ልብስ ያለን ነገር አይገባኝም። ትናንት አብሮን ካርታ ሲጫወት ያመሸ ጎረምሳ ዛሬ የትራፊክ ኮፍያ ደፍቶ መንገድ ዳር ከቆመ፣ በባጃጅ ስናልፍ ልባችን ድው ድው ይላል። ጥምጥም ካየንማ ወገባችን ሳናዘው ይታጠፋል። የምናከብረው ሰውየውን ነው ልብሱን? እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔም ያው ከእናንተ አንዱ ነኝ።

የሐኪም ጋውን ደግሞ ይብሳል። የሕክምና ተማሪዎች ጥቂት ዓመት ከመጽሐፍ ጋር ሲታገሉ ይቆዩና፣ በሽተኛ አጠገብ ሊደርሱ ሲሉ በሥነ ሥርዓት ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፤ ይምላሉም። ልብ በሉ! የሚለብሱት ሊማሩ ነው እንጂ ገና ሐኪም አልሆኑም። ይህችን ልዩነት ለአያ ዘለቀ ማን ያስረዳው?

አያ ዘለቀ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እያከሰለ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። ከዓመት በላይ ያስለዋል። "ኧረ ታከም!" ስንለው "ጭሱ ነው" ይላል። ሲጠናበት ደግሞ "ልጄ ሐኪም ልትሆን አይደል? ታዲያ ለማን ብዬ ነው የማስተምራት?" ይለናል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እሱ ልጁን ቢጠብቅም ሳሉ እሱን አልጠበቀውም፤ ሰውነቱ ከማለቁ የተነሳ ቀበቶው ላይ ሦስት ቀዳዳ ጨመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳትደርስለት ይሞታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

የልጁ የብርቱካን የጋውን ቀን ሲደርስ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና አስተርጓሚ አድርጎ ወደምትማርበት ከተማ ወደ ቆሰበር ወሰደኝ። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቹ እጃቸውን አንስተው በእንግሊዝኛ ማሉ።

"ምን አሉ?" አለኝ ሳሉን በጋቢው አፍኖ።

"የማናውቀውን እናውቃለን አንልም አሉ።"

የገባችኝ ይህች ብቻ ነበረች። የቀረውን አላውቀውምና በመሐላው መሠረት ዝም አልኩ።

ወላጅ እየወጣ ልጁን እንዲያለብስ ተጠራ። አያ ዘለቀ እጁን አየ፤ ጋውኑን አየ። የከሰል እጅ በሳሙና የሚለቅ እንዳይመስላችሁ። "እኔ አልነካውም፣ አንተ አልብሳት መምህር" ብሎ ሲያፈገፍግ፣ ብርቱካን እጁን ይዛ አንገትጌው ላይ አሳረፈችው። አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ማንን አፍራለሁ?

ቅዳሜ ቤቱ "እንኳን ደስ ያለህ" በሚሉ ሽማግሌዎች ሞላ። አያ ዘለቀ ልጁን ጋውኗን አስለብሶ መሐል አስቀመጣትና የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

"በይ እይኝ። የመጀመሪያው በሽተኛሽ እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ጨነቃት። እንዳታየው፣ የማለችው መሐላ ገና ሳምንት አልሞላውም። አላይም እንዳትል፣ አባቷ በሰው ፊት ሊያፍር ነው፤ ካፈረ ደግሞ ሌላ ሐኪም ደጅ አይረግጥም። አያ ዘለቀ ደረቱን እንደከፈተ ሳሉ ያዘው።

"አባየ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሕክምና የሚጀመረው በመሐላ ነው። እኔ ምያለሁ፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የማዝዎትን ሊፈጽሙ በሽማግሌዎቹ ፊት ይማሉልኝ።"

እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም የለም። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ግን ትንፍሽ አላልኩም። አያ ዘለቀ ብድግ ብሎ በደብሩ ታቦት ማለ።

"እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄደው ይታዩ።"

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አያ ዘለቀ ሸሚዙን እየቆለፈ "ወይኔ፣ ተሸወድኩ!" አለ። ሰኞ ግን ሄደ። በታቦት የማለ ሰው ምን ምርጫ አለው?

የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ክኒን ታዘዘለት፤ አንድም ቀን አላጓደለም። አሁን ሰውነቱ ተመልሷል። "ያዳነችኝ ልጄ ናት" እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ያወራል፤ ክኒኑን በየቀኑ ያስዋጡትን ነርሶች አንድም ቀን አንስቷቸው አያውቅ።

ብርቱካን ለፋሲካ ስትመጣ ደጃቸው ሰልፍ ሆነ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኑ የደከመበት፣ ወገቧ የያዛት፣ ሁሉም እየማለ ይገባል፤ "ጤና ጣቢያ ይሂዱ" እየተባለ ይወጣል። ጤና ጣቢያው እኮ ከዚያ ደጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው! ለዓመታት እዚያው ቆሟል። የራሳችን ልጅ ጋውን ለብሳ ሂዱ እስክትለን ነው የጠበቅነው? የጉድ አገር! እያልኩ ሕዝቡን ስታዘብ፣

"የሚቀጥለው!" አለች ብርቱካን ከውስጥ።

እኔ ነበርኩ። ገብቼ ማልኩ።