እትዬ ዚግዛግ ቢጫ ቀበቶ የማረኩበት ዜና

በዘመነ ነጭ ቀበቶ፣ በሰባተኛው ወር፣ ይኸውም የስፌት መኪናው ፔዳል ተሰብሮ በተጠገነ በሁለተኛው ዓመት፣ ንግሥተ መቀስ፣ ዐቃቢተ መርፌ፣ መዋኢተ ዚፕ፣ በቁመት ሳይሆን በወርድ የተባረኩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዚግዛግ ያደረጉት ታላቅ ገድል ይህ ነው።

አስቀድሞ እንዲህ ሆነ። ኃያሊቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰፍተዋልና፣ ደንበኛውም ሁሉ ከላያቸው ቆሞ ቁልቁል እያየ «አልደረሰም?» ሲላቸው ኖሯልና፣ ከዕለታት በአንዱ ከጎረቤታቸው ከጎማ ጠጋኙ ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ መስኮት አሻግረው ሲያዩ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይጮኹ ነበር። የሚጮኹትም በሰው ላይ ሳይሆን በአየር ላይ ነው። ይህን ባዩ ጊዜ የእትዬ ልብ ተነሣ፤ ከልባቸውም በኋላ ጉልበታቸው ተነሣ፤ ወገባቸው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የተነሣው።

የአዳራሹም አለቃ ጠዋት ጠዋት ሊፍት የሚጠግን፣ ከሰዓት በኋላ የጥንቱን የጃፓን ካራቴና የሰይፍ ጥበብ የሚያስተምር፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ሰው ነበር፤ ሴንሴ ይሉታል፣ በጃፓኖች ቋንቋ መምህር ማለት ነው። ከእትዬ ጋር በጀማሪዎች ክፍል የዘመቱት ጭፍሮችም እነሆ፦ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርገው፣ ቀበቶውን እናቱ የምታስርለት፣ እጅ ሲነሣ የሚያዛጋው፣ እርስ በርስ ካልሆነ ሌላ ሰው የማይመቱት መንትዮች፣ ከሁሉም በላይ የጦሩ አበጋዝ፣ የስምንት ዓመቷ ባለ አረንጓዴ ቀበቶ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ፍንጭቷ የተባለችው። ጭፍራው ወደ ቀኝ ሲዞር እትዬ ወደ ግራ፣ ጭፍራው ወደ ግራ ሲዞር እትዬ ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበርና «እትዬ ዚግዛግ» ብላ የሰየመቻቸው እርሷ ናት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሴንሴም በመጀመሪያው ቀን «ልብሱ ሰፊ ይሁን፣ እግር የሚነሣበት ነው» ብሎ አወጀ። እትዬ ግን «ከእጄ ጆንያ ለብሶ የወጣ ሰው የለም፤ በእኔም አይጀመርም» ብለው በአዋጅ ላይ አዋጅ አውጥተው፣ የገዛ ልብሳቸውን ለክተው፣ ወገቡን ወስደው፣ ዳሌውን አጥብቀው፣ ሱሪውንም በካውያ መስመር አውጥተውለት ሰፉ። አምሮ ነበር፤ ያማረው ግን ለሰርግ እንጂ ለእርግጫ አልነበረም።

በውእቱ መዋዕል፣ በዚያ ዘመን ማለት ነው፣ በሱቁ ውስጥ ሁለት ሐዘን ነበረ። አንደኛው፣ ሱቁን አብራ የምትይዘው ታናሽ እህታቸው ለራሷ መጋረጃ ብላ ያስቀመጠችው ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ ከመደርደሪያው ጠፍቶ፣ ሦስት ወር ሙሉ ምስኪኑን ጎማ ጠጋኝ በክፉ ዓይን ታየው ነበር። ሁለተኛው ሐዘን ራሳቸው እትዬ ነበሩ። ስለዚህም ታናሽቱ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ፣ ጠረጴዛውን በመቀስ መትታ አወጀች፦

«ደንበኛ ስሙ፣ ጎረቤት ስሙ፣ እታለም አንቺ ደግሞ በደንብ ስሚ! ሰባት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ከሰዓት እኔን ከነዚፑ ከነነዝናዛው ደንበኛ ጥለሽ አየር ስትደበድቢ ከርመሻል። አየሩ ምን በደለሽ? ቅዳሜ ፈተና ነው አሉ። ቢጫዋን ቀበቶ ይዘሽ ከመጣሽ እሰየው፣ አፌን እይዛለሁ። ካልሆነ ያ የእንጨት ሰይፍሽ የመወልወያዬ እጀታ ይሆናል፤ አንቺም ወደ በርጩማሽ!»

ቃሏንም ታጸና ዘንድ፣ እህቷ እንደምትወድቅም ከወዲሁ ስለተማመነች፣ የመወልወያውን አሮጌ እጀታ ቅዳሜ ማለዳ ነቅላ ጣለችው። ጎማ ጠጋኙም አንሥቶ ለሁለት ሰብሮ ለመስኮቱ መደገፊያ አደረገው።

የሰይፉ ፈተና እንዲህ ነበር፦ በብርጭቆ አፍ ላይ እንቁላል ይቀመጣል፤ ተፈታኙ በአራቱም አቅጣጫ እየዞረ አየሩን ይቆርጣል፤ በመጨረሻም በእንቁላሉ አናት ላይ በሙሉ ኃይሉ ይሰነዝራል፤ አንድ ጣት ሲቀረው ግን ሰይፉ ቀጥ ማለት አለበት። ከመዝጊያው ሰላምታ በፊት ከምንጣፉ የወጣም ወድቋል። ከእትዬ ዚግዛግ ፊት ደግሞ እስከዚያች ዕለት በሕይወት የተመለሰ እንቁላል አልነበረም። ምክንያቱንም ፍንጭቷ በጭፍራው ሁሉ ፊት አውጃው ነበር፦ «እትዬ፣ ስትጮሂ እኮ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ! አፍ ክፈቺ ተባልሽ እንጂ ዓይን ጨፍኚ ማን አለሽ?»

ወበጽሐት ዕለተ ቅዳሜ፤ ደረሰች ቅዳሜ። በአግዳሚው ላይ እናቶች ተደረደሩ፤ ጎማ ጠጋኙም እጁን ሳይታጠብ መጣ፤ ታናሽቱም በመሀል እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ቡጢው አለፈ፤ መከላከሉም በጭንቅ አለፈ። ቀጥሎ የፊት እርግጫ ሆነ። እትዬ ዚግዛግ ከዚያ በፊት እግራቸው ደርሶበት ወደማያውቅ ከፍታ እግራቸውን ሰደዱ፤ እግራቸውም በሄደበት ሱሪው አልተከተለም።

የተሰማውን ድምፅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዞረው ማየት አላስፈለጋቸውም፤ በጆሯቸው ብቻ ለኩት፦ ከመቀመጫው መሀል እስከ ወገብ፣ ስንዝር ከአራት ጣት። ከሱሪውም በታች የለበሱት ቁምጣ ከዚያው ከጠፋው ባለ ቀይ አበባ ጨርቅ የተሰፋ ነበር።

አሜሃ፣ በዚያች ሰዓት፣ ታላቅ ጭንቅ ሆነ። ፊታቸው ወደ አግዳሚው ነውና ገና ማንም አላየም። ነገር ግን ሰይፉ ቀርቷል፤ ሰይፍም በአራት አቅጣጫ ካልዞሩ አይሆንም፤ ቀዳዳውን በእጃቸው እንዳይዙትም ሰይፉ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከምንጣፉ ቢወጡ በርጩማው አለ፤ ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከላይም «አልደረሰም?» የሚል ድምፅ። እትዬ ዚግዛግ የእንጨት ሰይፋቸውን አነሡ፤ አፋቸውንም ከፍተው በሕይወታቸው ትልቁን አዋጅ አወጁ፦

«ስሙ! ጎማ ጠጋኙ ንጹሕ ሰው ነው! ጨርቁን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ለስላሳ ነበር፣ አላስችል አለኝ። አሁን ልዞር ነው። ማየት ያልፈለገ ዓይኑን ይጨፍን፤ የእኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይጨፈንም!»

ዞሩም። አበባውም ለአግዳሚው ሁሉ ተገለጠ። እናቶቹ በነጠላ ሳቅ ጀምረው በጅምላ ሊቀጥሉ ሲሉ ፍንጭቷ ዘላ ተነሥታ «ፀጥ! ቀበቶ የሌለው አይስቅ!» ብላ አዘዘች፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። ኃያሊቱ ምሥራቁን ቆረጡ፤ ምዕራቡን ቆረጡ፤ በሰሜንና በደቡብ መካከል ትንሽ ተወዛገቡ፤ በመጨረሻ እንቁላሉ ፊት ቆሙ። የሚደብቁት ነገር ስላልቀራቸው ዓይናቸው አልተጨፈነም። ጮኹ፤ ሰነዘሩ፤ እንቁላሉንም ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ጨርቅ ሲቆረጥ ከጠመኔው መስመር አልፎ ለስፌት የሚተው ትርፍ አንድ ጣት ነውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ጣት ሳታዛንፍ የኖረች እጃቸው የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀችም። ሰይፉ ቆመ።

ሴንሴ ተንበርክኮ በሰይፉና በእንቁላሉ መካከል ጣቱን አስገባ። ልክ ገባች። ከዚያም ሊሰማ በማይችል ድምፅ አወጀ፦ «ሁለት ቦታ በተሳሳተ አቅጣጫ ዞረዋል። እርግጫዎ ዝቅ ያለ ነው። ሱሪውን ሰፊ ይሁን ብዬ ነበር። ግን ከምንጣፉ አልወጡም፤ ሰይፉም በልኩ ቆሟል። ቢጫ።»

ጭፍራው እልል አለ፤ መንትዮቹም በደስታ ተመታቱ፤ ጎማ ጠጋኙ ከሦስት ወር በኋላ ደረቱን ነፋ። ታናሽቱ ግን በሱቁ ደጃፍ የመጨረሻውን አዋጅ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አፌን እይዛለሁ ብያለሁ፣ እይዛለሁ። ግን ይቺን ሳልተነፍስ አልይዝም፤ መጋረጃዬን ለቂጥሽ? ሱሪውን አምጪው። መሀሉ ላይ ከተረፈው አበባ አስገብቼ አሰፋዋለሁ፣ ሁለተኛ በአደባባይ ቤተሰብ እንዳታዋርጂ!»

አደረገችውም። ከዚያም ወለሉን ልትወለውል መወልወያዋን ብታነሣ፣ እጀታ የለውም። ጨርቁን በእጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከወለሉ ጋር እየተጨቃጨቀች እትዬ ከቆሙበት ደረሰች። እትዬ ዚግዛግም፣ ዐቃቢተ መርፌ፣ መዋኢተ ዚፕ፣ አሁን ደግሞ መሓሪተ እንቁላል፣ ቢጫዋን ቀበቶ በወገባቸው እንደታጠቁ፣ ታናሽቱ ከሥር ትወለውል ዘንድ አንድ እግራቸውን አነሡላት፤ በአንዱም ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወለሉ እስኪደርቅም ድረስ አልተነቃነቁም። እንደ እርሳቸው የቆመ በዚያ ሱቅ ከዚያ በፊት አልታየም።