ሊቀ ካርቡራተር ፎልከ እና የማይዘጋው ኮፈን

ኮፈኑ ተከፍቶ የሚውል መኪና የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ሰፈር አይደለም፤ የቤቶች ሰልፍ ነው። ስዊድን አገር፣ ኤስኪልስቱና ከተማ ዳር ያለችው የእኛ የአሥራ አራት ቤቶች መንገድ በዚህ በኩል አትታማም። ሊቀ ካርቡራተር ፎልከ ብሬንስትሮም አሉን።

ጋሽ ፎልከ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያለቻቸው አንዲት የሥልሳ ስድስት ሞዴል ሰማያዊ ቮልቮ ናት። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ያንን ካርቡራተር የሚባል ጣጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይፈታሉ። ይፈታሉ ነው ያልኩት። ሲገጥሙት ያየ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ቅባቱ እንዲለቅ ብለው በማርማላታ ድስታቸው ቀቀሉት። በዚያ ክረምት ማርማላታቸውን የቀመስን ሁሉ አፋችን ቤንዚን ቤንዚን ሲል ከረመ። እሳቸው ግን "ፍሬው ነው፤ ዘንድሮ ዝናብ በዝቶበታል" ብለው ድርቅ አሉ። መኪናዋ ምን ነካት ብሎ ለጠየቀም መልሳቸው አንድ ነው።

"ቤንዚን አይዋሽም። የሚዋሽ አየር ነው።"

የሆነ ቦታ፣ መጋጠሚያውን በሚደፍነው ጓርኒሲዮን ሥር፣ አየር ሾልኮ እየገባ ሞተሩን ያስለዋል ማለታቸው ነው። የት ቦታ እንደሆነ ስድስት ዓመት ፈልገው አላገኙትም።

ወጥመዳቸው ግን ሌላ ነው። በደጃቸው ያለፈ ሰው ሰላም ብሎ አይሄድም። "እስቲ ይቺን ያዝልኝ" ይሉና የስንዴ ፍሬ የምታክል የነሐስ ብሎን መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። "እንዳትጥላት። አሁን የሚሠራት የለም፤ ከጠፋች ጠፋች።" የሰው ብሎን ይዞ ወዴት ይኬዳል? ትቆማለህ። አጠገብህ የዘጠኝ ቁጥር ቤቷ ቤሪት የካርቡራተሩን መርፌ ይዛ ቆማለች። ዝም ተባብሎ መቆም ደግሞ ያስጨንቃልና ወሬ ይጀመራል።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ጎረቤት ደጅ አለመኖሩን በመስኮት አጮልቀን የምናረጋግጥ ሰዎች ነን። ቤሪትን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የማውቃት በቆሻሻ ማጠራቀሚያዋ ክዳን ድምፅ ብቻ ነበር። ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ትነዳ እንደነበር፣ ጉልበቷ ኦፕሬሽን እንደሚጠብቀው፣ ጨለማ እንደምትፈራ የሰማሁት ብሎን ይዤ ነው።

እኔ መቼም ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብ አይበላልኝም። ሰው እንዴት አንድ ዕቃ ስድስት ዓመት ጠግኖ አይጨርስም? አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውሻዬን ይዤ ስወጣ ቮልቮዋ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለች። ጋሽ ፎልከ ወተት ገዝተው መመለሳቸው ነው። ሳል የለ፣ መንተባተብ የለ፣ ሞተሯ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ሦስት ሰዓት ላይ ጋራዣቸው ስደርስ ካርቡራተሩ ብትንትኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተሰጥቷል።

"ዛሬም አየር ነው?" አልኳቸው።

"አየር ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ብሎኔን ተቀበልኩ። ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም።

በግንቦት ወር፣ ወደ አሥራ አንድ ቁጥር ቤት ሲግኔ የምትባል ልጅ ገባች። መካኒክ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥታ ጥቂት አየችንና "ጋሽ ፎልከ፣ ላግዝዎት?" አለች። መልስ አልጠበቀችም። ከቤሪት መርፌውን፣ ከእኔ ብሎኗን፣ ከየእጃችን እየለቀመች ገጣጠመችው። አርባ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

"በቃ፣ ጤነኛ ናት" አለች። "አሥር ዓመት አይነኳትም።"

ጋሽ ፎልከ "ተባረኪ" ብለው ኮፈኑን ዘጉት። ሁላችንም ባዶ እጃችንን ይዘን ቆመን ቀረን። ቤሪት "እንግዲህ" አለች፤ ወደየቤታችን ገባን።

ሦስት ቅዳሜ ጋራዡ ሳይከፈት አለፈ። የቤሪት ኦፕሬሽን ቀኑ ደርሶ ነበር፤ ይደረግላት አይደረግላት የማውቅበት መንገድ ጠፋኝ። በሯን እንዳላንኳኳ፣ ምን ብዬ? ጋሽ ፎልከን በወጥ ቤታቸው መስኮት አየኋቸው። ባዶ ጠረጴዛ ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንጀቴን በሉት።

በአራተኛው ቅዳሜ ሲግኔ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። "ሰውዬው ሰላምታ እንኳ ቀነሱብኝ። ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። መኪናዋን አዳንሻት።"

ግራ ገባት። የወተቱን ጠዋት፣ መኪናዋ ድሮም ጤነኛ እንደነበረች ነገርኳት። ጫማዋን አጠለቀችና ተከተለችኝ።

ሳይጠሩ የሰው በር ማንኳኳት በእኛ ሰፈር ከሌብነት አይተናነስም። አንኳኳን።

"ጋሽ ፎልከ" አልኩ፣ "ትናንት በቤቴ በኩል ሲያልፉ ቮልቮዋን ሰማኋት። ትንሽ አላሳላትም?"

ቮልቮዋ ትናንት ከጋራዥ አልወጣችም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። እኔን ትተው ሲግኔን አዩዋት።

"አንቺስ ምን ትያለሽ? የገጠምሽው አንቺ ነሽ።"

ሲግኔ ጆሮዋ ቀላ። በሥራዋ የምትኮራ ልጅ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"ጓርኒሲዮኑን በደንብ ሳላጠብቀው አልቀረሁም" አለች። "አየር ሳያስገባ አይቀርም።"

"ብዬ ነበር" አሉ ጋሽ ፎልከ፣ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ። ለካ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ኮፈኑ ከመከፈቱ ቤሪት በክራንች ተደግፋ ከች አለች። ኦፕሬሽኑ ተደርጎላታል፤ ደህና ናት። ወንበር ወጣላት፣ መርፌዋን ተረከበች። ሲግኔ የምትይዘው ሽቦ ተሰጣት፤ ካቻቪቴውን ግን ጋሽ ፎልከ ወደ ራሳቸው ጎን አሸሹት።

የእኔን ብሎን መዳፌ ላይ ሲያኖሩ ጎንበስ አሉ።

"እንደሷ ያሉ ብሎኖች አንድ ጣሳ ሙሉ አለኝ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ቢሆንም እንዳትጥላት።"

እስከ ማታ ድረስ አልጣልኳትም።