ከኢኪድና ጋር አምስተኛ ክፍል የገባሁ ዕለት

በዚህ አገር እናትን የሚገድላት ሥራ ነው የሚል ሰው ልጅ አልወለደም! በረዶውም አይደለም፣ ሀይዌዩም አይደለም። እናትን የሚገድላት የልጅ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣ ወረቀት ነው።

እኔ ወረቀት ሲመጣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መፈረም። ስደተኛ ሆኜ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ያሉኝን ሁሉ ፈርሜ ነው እዚህ ኦሮራ ከተማ የደረስኩት። «ምንድነው የምፈርመው?» ብል ኖሮ እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። እናንተስ? አትዋሹ! የፈረማችሁትን አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ዕለትም ልጄ ኤልዳና ወረቀቷን ስታቀርብልኝ፣ በግራ እጄ ሽንኩርት እያማሰልኩ በቀኙ ፈረምኩላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ጉዱን የሰማሁት በነጋታው፣ ያው ወጥ ሳማስል ነው።

«ማሚ፣ አርብ ክላሳችን ትመጫለሽ። ስለ ኢኪድና ፕሬዘንት እናደርጋለን።»

«እነማን?»

«እኔና አንቺ። ፈርመሻል እኮ!»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ልጄ አምስተኛ ናት። እንግዲህ በዚህ ቤት አለቃዬ ማለት ናት። ሥራ በማይኖረኝ ቀን ትምህርት ቤቷ በር ላይ መኪና ፓርክ አድርጌ እጠብቃታለሁ እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቄ አላውቅም። ስብሰባ ሲጠሩኝ «ሥራ ነኝ»፣ ሲደውሉልኝ «አሞኛል»… ጠልቼው አይደለም፤ ፈርቼው ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ ጉልበቴ ቄጠማ ይሆናል።

«ሥራ አላት በያቸው።»

«ላስት ይርም ሥራ አለኝ ብለሻል» አለች አንገቷን ደፍታ። «የሁሉም ሰው ፓረንት መጣ። እኔ ብቻዬን ቆሜ አነበብኩ።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? አንጀቴን በላችው። «እሺ» አልኩ። እሺ ያለው አፌ ነው፤ ጉልበቴን ማንም አላማከረውም።

«ለመሆኑ ይሄ ኢኪድና የምትይው ምንድነው?»

ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። ጃርት ነው እንዳልል ጃርት አይደለም። እሾህ ለብሷል። አፉ እንደ ስክሪብቶ ሾሎ ወጥቷል። የኋላ እግሩ ደግሞ ዞሮ ወደ ኋላ ያያል! የሚኖረው አውስትራሊያ ነው… እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሩቅ ነው።

«እንቁላል ይጥላል» አለችኝ።

«በይ፣ ወፍ ነዋ።»

«ኖ ማሚ፣ ልጁን ወተት ያጠባል።»

«እንቁላል ጥሎ?!»

«ጡት ግን የለውም። ወተቱ ከእናትየዋ ሆድ ቆዳ ላይ ይወጣል፤ ቤቢው ይልሰዋል።»

አማተብኩና ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ቤት ሮጥኩ። ሎውሪ ሰፈር አጠገብ ባለው አፓርታማችን እሳቸው ያልተማከሩበት ነገር የለም፤ ስለ ኢንሹራንስም ስለ ሕልምም መልስ አላቸው።

«እትዬ፣ እንቁላል የሚጥል፣ ደግሞ የሚያጠባ፣ እግሩ ወደ ኋላ የዞረ አውሬ ሰምተው ያውቃሉ?»

«እሱማ ስምንተኛው ሺህ ነው» አሉኝ ምንም ሳይደነግጡ።

«ትምህርት ቤት ሄደሽ ስለሱ ተናገሪ ተባልኩ!»

«መቼ?»

«አርብ።»

አሁን ደነገጡ። «አርብ?! እንቁላልም ወተትም ባንድ ገላ ተሸክሞ? ልጄ፣ እንዲህ ያለውን በጾም ቀን ስሙን መጥራት ራሱ ያስገድፋል!»

ይሄ ነው እንግዲህ ያገኘሁት ምክር።

ከሥራ ስመለስ ልጄ ወንበር ላይ አስቀምጣ ታስጠናኝ ጀመር። ስትሳሳቱ የምትቆጣ አስተማሪ ታውቃላችሁ? የኔዋ እኔ ስሳሳት ዓይኗን ታገላብጣለች። ግን እያጠናሁ ስሄድ፣ ይሄ አውሬ የማውቀው ሰው ሆነብኝ! ጥርስ የሚባል አልፈጠረበትም፤ በምላሱ ብቻ ጉንዳን እየለቀመ ይኖራል። በየማኅበራችን በምላሱ ብቻ የሚኖር ስንት አለ? የወንዱ የኋላ እግር ላይ ሹል ነገር አለ፤ ግን አይመርዝም፣ ለማስፈራሪያ እንኳ አይሆንም። የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው አልኩ? አላልኩም! ደግሞ የማግቢያቸው ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ አንዲት ሴት ተከትለው፣ አንዱ የአንዱን ጭራ እያሸተተ፣ እስከ አሥር ሆነው ለሳምንታት በሰልፍ ይሄዳሉ አለችኝ። ሳቄ መጣ። አንዷ ጓደኛችን ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ቤት ገዛች ሲባል እኛስ እንዴት ነበር የተከተልናት?

ሲፈራስ? አይሮጥም፣ አይጮህም። የቆመበትን መሬት ቁልቁል ይቆፍርና ይሰምጣል፤ ከላይ የሚታየው እሾሁ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ፣ ከልቤ ቀናሁበት።

አርብ ደረሰ። ለጫጩት የተሠራ በሚመስል ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬን ነካው። ከእኛ በፊት አንድ አባት ከልጁ ጋር ቆሞ ስለ ውሻ ተናገረ። ውሻ! ስለ ውሻማ እኔም እስከ ማታ እናገር ነበር። ከዚያ መምህርቷ ፈገግ ብላ የኤልዳናን ስም ጠራች። ተነሳሁ። ሃያ አምስት የሚሆን ልጅ አፍጥጦ ያየኛል፤ ወላጆቹ ከኋላ ስልካቸውን ደግነዋል።

«ኢኪድና…» አልኩ። ሌላው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ኤልዱ፣ አንዱም የለም» አልኳት በአማርኛ። «ባዶ ነኝ!»

ልጄ ፊቷን ወደ ክፍሉ አዙራ በእንግሊዝኛ አንበለበለችው። «እናቴ እንደምትላችሁ፣ የኢኪድና አፍ ውስጥ አንድም ጥርስ የለም።»

«ዋው!» አለ ክፍሉ።

«ምን እያልሽ ነው አንቺ? ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!»

«ሲፈራ ቁልቁል ቆፍሮ መሬት ውስጥ ይገባል ትላለች።»

«ላቤ ሆዴ ድረስ ወረደ እኮ!»

«ወተቱ እንደ ላብ ከሆዷ ቆዳ ይወጣል ትላለች።»

«ኤልዳና! አሁን ጥዬሽ ነው የምሄደው!»

«ልጇ እሾህ ማብቀል ሲጀምር ጉድጓድ ውስጥ ትታው ትሄዳለች፤ በየአምስት በየስድስት ቀኑ እየመጣች ታጠባዋለች ትላለች።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለ ሰው፣ ያን ቀን ልጄን አልሰማትም! መምህርቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወደ ወንበሬ ስዞር፣ ከፊት የተቀመጠች መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አወጣች።

«እናትየዋ ለምንድነው ትታው የምትሄደው?»

ይህን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዝ አደረግኳት። እኔ በቀን ሁለት ሺፍት የምሠራ፣ የሰው እናት የምጦር ሴት ነኝ፤ ልጄን ተኝታ ትቼ ወጥቼ ተኝታ የማገኛት ቀን ብዙ ነው። ይህን ጥያቄ ለማንም አልሰጥም!

«ሺ ጎ ዎርክ» አልኩ። «ሺ ካም ባክ። ኤቭሪ ታይም።»

ማንም አላጨበጨበም። ኤልዳና ግን መጥታ ጎኔ ላይ ተለጠፈችብኝ፤ አምስተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

እዚህ ላይ ብወጣ ኖሮ እንዴት ያማረ ነገር ነበር! ግን መምህርቷ ኮሪደር ላይ ደረሰችብን። እጄን ጨብጣ አልለቅም አለች፤ በሚቀጥለው ወር ትምህርት ቤቱ በሙሉ በሚሰበሰብበት ትልቁ አዳራሽ፣ ማይክ ይዤ፣ ይህንኑ እንድደግመው ትለምነኛለች።

የልጄን ክንድ ጎተትኩ። «ኤልዱ፣ በያት፤ እንኳን አዳራሽ፣ ከዛሬ ወዲያ በዚህ ትምህርት ቤት ደጅ አላልፍም በያት!»

ልጄ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ተረጎመች። መምህርቷ ጮቤ ረግጣ አቀፈችኝ።

«ምን አልሻት?»

«‹በጣም ደስ ይለኛል፤ ሰዓቱ ሰፋ ይበልልኝ› ብላለች አልኳት።»

እናንተዬ፣ በልጁ አፍ የሚናገር ሰው፣ ምን ቃል እንደገባ የሚሰማው ካጨበጨቡለት በኋላ ነው!