ለአሮጌ ጂፕ የብየዳ ማሽን ፍለጋ

ጅቡቲ ውስጥ ከሙቀት ቀጥሎ በነፃ የሚታደለው ነገር ምክር ነው። አንድን ሰው ስለ ሆድ ቁርጠት ብትጠይቁ፣ ያልጠየቃችኋቸው ሁሉ ይመልሱላችኋል። እኔ ደግሞ የጠየቅኩት ስለ ብየዳ ማሽን ነበርና ወደቡ በሙሉ መለሰልኝ ማለት ይቻላል።

የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ሳሳልፍ እውላለሁ። የራሴ የምለው ዕቃ ቢኖር ዋራበሌ ሠፈር ካለው ቤታችን ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመው አሮጌ ጂፕ ነው። ሐሳቤ ከፊቱ ጠንካራ የብረት መከላከያ፣ ከኋላው ደግሞ መጎተቻ መንጠቆ በያይጄለት፣ ባለቤቴን ጽጌን መንገድ ወደሌለበት በረሃ መውሰድ ነበር። ጽጌ መንገድ ባለበት መሄድ ምን ነውር እንዳለው ጠይቃኛለች። ግን ጥያቄ መቼ ነው ሰውን ከዓላማው ያስቀረው?

ታዲያ ለምን በያጅ አልጠራህም ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ብረት ከብረት ጋር ሲዋሐድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሁን ሁለት የነበረው ነገር ከአፍታ በኋላ አንድ ሲሆን? ይህን ሌላ ሰው እንዲያደርግልኝ መክፈል፣ ምሳዬን ሌላ ሰው እንዲበላልኝ የመክፈል ያህል ሆነብኝ።

የመጀመሪያውን ማሽን ያስዋሰኝ ጋሽ ታደለ ነው። ጋሽ ታደለ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ከባድ መኪና ሲያመላልስ ፀጉሩ የሸበተ ሾፌር ነው። በሱ እምነት በብየዳ የማይጠገን ነገር ቢኖር ትዳር ብቻ ነው። ከሾፌሮች ጋራዥ ያመጣልኝ ማሽን ትልቅ፣ አሮጌና ከባድ ነበር፤ ከመኪናው ስናወርደው ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን ቀረን። ሰካሁት። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር ሳደርገው ብልጭ አለ፤ ከዚያ ሠፈሩ በሙሉ ጸጥ አለ።

በጅቡቲ የበጋ ሙቀት ጸጥታ ማለት መብራት ጠፍቶ ቬንቲሌተሩ ቆመ ማለት ነው። ወዲያው ጎረቤታችን ሐሊማ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ሐሊማ ከፍሪጇ በረዶና ቀዝቃዛ ውኃ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታሳድገው፤ መብራቷም ከኛ ጋር በአንድ መስመር ነው። አልጮኸችም። በሶማልኛ "ወላል" አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ ከዚያ በዚያ በሚጥም አማርኛዋ፣ "አንተ ብረት ታቀልጣለህ፣ እኔ በረዶ አቀልጣለሁ። በረዶው ግን የኔ ነው" አለችኝ።

ማሽኑ በማግስቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያዋሰኝ፣ ሽቦ በራሱ እየገፋ ጋዝ የሚነፋ ዘመናዊ ማሽን ነው። ጠዋት፣ አየሩ ረጋ ባለበት ሰዓት ስሞክረው እጄ የኔ አልመስል አለኝ፤ መስመሩ እንደ ጥልፍ ያምራል። ከሰዓት በኋላ ግን ከበረሃው ነፋስ ተነሣ። ጋዙ ብየዳውን ከአየር ይጠብቀዋል ይባላል፤ ጋዙን ከነፋስ የሚጠብቀው ግን ማነው? ብየዳውን በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ፣ መነፅሬን አድርጌ ውስጡን ሳየው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ጽጌም መጥታ አየችና እርሾው በዝቶበት ይሆናል አለች። በነፋሱ ምክንያት በርና መስኮት ያለው ዕቃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሞከርኩ። ከብረቱ ቀድሜ የቀለጥኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛውን ገበያ ሄጄ ገዛሁት። እንደ ሴት ቦርሳ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ መብራት ቆጣቢ ትንሽ ኢንቨርተር ነው። ጋሽ ታደለ ሲያየው ይህ ማሽን ነው ወይስ የሞባይል ቻርጀር ብሎ ሳቀብኝ። ሐሊማ ግን አልሳቀችም፤ አንድ እጇን ፍሪጇ ላይ አድርጋ ከአጥሩ ማዶ ቆመች። በየድኩ። "እየሠራ ነው!" ብላ ጮኸች። ጨመርኩ። "እየሠራ ነው!" ጋዝ ስለሌለው ነፋሱም የሚወስድበት ነገር አጣ። ቆርጬ ሳየው ውስጡ ድፍን ነው። ጋሽ ታደለ ግን ሳቁን ትቶ ኮስተር አለ። መንጠቆ ሲጎተት ከተላቀቀ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው እንደሚገድል ነገረኝና ትልቁን መዶሻ አነሣ። የሞከርኩበትን ብረት እስኪያልበው ቀጠቀጠው። ብረቱ ታጠፈ፤ ብየዳው ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት ቆሜ ነው፤ ደስታ አላስቀምጠኝ ብሎ።

መንጠቆውንም መከላከያውንም በየድኩ፣ ቀለም ቀባሁ፤ በዓርብ ቀን ጽጌን ይዤ ግራን ባራ ወደሚባለው የበረሃ ሜዳ ወጣሁ። መንገዱን ትቼ ሜዳውን እንደያዝኩ ብዙም ሳልርቅ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ የሆነ ቦታ ዋጠን። ደግነቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው መንገድ በዚያው ያልፋልና ለጋሽ ታደለ ደወልኩለት፤ ጭነት ይዞ እየመጣ ነበር። ከባድ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ረጅም የብረት ገመዱን ከመንጠቆዬ ጋር አሰረ። ጽጌን ወደ ኋላ፣ ገና ወደ ኋላ እያለ አራቃት። እኔ መሪውን ጨብጬ የምጸልየው ለብየዳዬ ነው እንጂ ለራሴ አልነበረም።

ጎተተ። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ገመዱ ረገበ፤ ጂፑ ንቅንቅ አላለም።

ዘልዬ ወርጄ ሮጥኩ። መንጠቆው ጭቃው ላይ ወድቋል። ብየዳው አንድም ስንጥቅ የለውም። መንጠቆው ከብየዳው ጋር፣ ብየዳው ደግሞ መኪናውን ከሚሸከመው ከሻንሲው ላይ ተገንጥሎ አብሮ ከመጣ የክንድ ያህል ብረት ጋር ፍቅር በፍቅር ናቸው። የባሕሩ ጨው ሻንሲውን ከውስጥ በልቶ ብስኩት አድርጎታል። ብየዳ ሁሉ እየቆረጥኩ ውስጡን ሳይ የከረምኩት ሰውዬ፣ የመኪናዬን ውስጥ ማየት አልታሰበኝም ነበር።

ጋሽ ታደለ መንጠቆውን አንሥቶ እያገላበጠ ብየዳ ማለት እንዲህ ነው እያለ ያደንቅ ጀመር። ጽጌም ቀሚሷን ከጭቃው ሰብሰብ አድርጋ መጣች፤ መንጠቆውን አየች፣ ጂፑን አየች፣ እኔን አየች።

"ማሽኑንስ በደንብ መርጠሃል" አለችኝ፤ "አሁን የሚቀርህ መኪና መምረጥ ነው።"