አማካይ ጊጋቢት

ፍጥነት የሥልጣኔ ሁሉ ራስ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የተረዳው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። ተረድቶም አልቀረ፤ እስከ ደጁ ጊጋቢት የሚሉትን የኢንተርኔት መስመር አስዘረጋ። በሰከንድ ሺህ ሜጋቢት የሚግተለተልበት ጎርፍ ማለት ነው። ጎርፉን ተቀብሎ ለየቢሮው የሚያድል ራውተር ግን አልነበረም፤ ይህች ትንሽ ነገር ተረስታ።

ያን ጊዜ ነው ወረቀት መጋዘን ውስጥ የሚሠራው የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ በቅጽል ስሙ ጊጋው፣ ደረቱን ነፍቶ የተነሣው።

“ራውተር መግዛት የሰነፍ ሥራ ነው” አለ። “አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ስጡኝ፤ ሁለት የኔትወርክ ካርድ እሰካበትና ጊጋቢት አስነጥሰዋለሁ።”

ዋና ኃላፊው በዚህ የቁጠባ ጀግንነት እንባቸው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

“ከዛሬ ጀምሮ የፍጥነት ክፍል ኃላፊ ነህ” አሉት፤ የሚሽከረከር ወንበርም አስመጡለት። “በምረቃው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ ስነጋገር ምስሌ ከተቆራረጠ ግን ወደ ወረቀት መጋዘንህ ትመለሳለህ።”

ጊጋው ወንበሩን አንዴ ካሽከረከረው ወዲያ መጋዘን የሚባል ነገር ሊሰማ አልፈለገም። ሌት ተቀን ሠራ። ሠርቶ ሲጨርስ ፍጥነቱን ለካ፤ ከሺው የሚያልፈው ዐሥር ብቻ። ጥፋተኛዋ ወዲያው ታወቀች። ከሁለቱ ካርዶች አንደኛዋ ያረጀች ስለሆነች ከዐሥር በላይ አሳልፋ አታውቅም፤ ጎርፉ ሁሉ እሷ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ይቆማል። ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሮጠ።

“እትዬ፣ ይቺን ካርድ ጥለን አዲስ እንስካ።”

“መብራቷ ይበራል?”

“ይበራል፣ ግን...”

“ምን ቀለም?”

“አረንጓዴ።”

“ታዲያ ምኗን ልጣል? መመሪያው መብራቱ የሚበራ ንብረት አይወገድም ይላል።”

“እትዬ፣ ዘገምተኛ ናት እኮ።”

“በዝግታማ የሚወገድ ቢሆን ማን እዚህ ይቀር ነበር? ሂድ ወንበርህን አሽከርክር።”

እውነትም ሄዶ ሲሽከረከር ዋለ። ጭንቅላቱ ሲዞርም ታላቁ ሐሳብ መጣለት፤ እየተንገዳገደ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

“ጋሼ፣ አንዷ ዕቃ ብትሰንፍ የቀሩትን እጅግ ፈጣን እናድርጋቸው። ሲደመርና ሲካፈል አማካዩ ጊጋቢት ይመጣል።”

“አማካይ” አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸው በርቶ። “እኔስ ትምህርቴን በምን ጨረስኩና።”

በዚህ ሳይንስ መሠረት በወቅቱ ከሁሉ ፈጣን የሆነው ፕሮሰሰር ተገጠመ። ፍጥነቱ ሲለካ ዐሥር። ፕሮሰሰሩ ጋለ ተብሎ ማራገቢያ ተጨመረለት፤ ማራገቢያው የሒሳብ ክፍሉን ወረቀት አንሥቶ ሰው ሀብት ክፍል ጣለው። ፍጥነቱ ግን ዐሥር። የክንድ ውፍረት ያለው ገመድ ተዘረጋ፤ ጽዳቷ ተደናቅፋበት ወደቀች። አሁንም ዐሥር። ካርዷ ከዚህ ሁሉ መኳንንት መሀል ተቀምጣ አረንጓዴ መብራቷን ቀስ እያለች ታርገበግባለች።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ኃላፊው ከረባታቸውን አጥብቀው፣ “ሠራተኛው ሁሉ እየቀመሰው እንመርቃለን” ብለው በየቢሮው ፊልም እንዲከፈት አዘዙ። በስክሪኑ ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ብቅ አሉ፤ እንደምን አደሩ እንኳ ሳይባባሉ ምስሉ ደረቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ጊጋው ወረቀት ወረቀት ሸተተው።

ኃላፊው ግን ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ዳይሬክተሯ አንገታቸውን እንዳዘነበሉ ንቅንቅ የለም።

“አየህ ጨዋነት?” አሉት ለጊጋው በሹክሹክታ። “ዐይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።”

ንግግሩ እንዳለቀ ስልክ ጮኸ። ዳይሬክተሯ ናቸው። ጊጋው ወንበሩን ለመጨረሻ ጊዜ ዳበሰው።

“በእውነት ልቤ ተነክቷል” ይላል ድምፃቸው። “እስከ ዛሬ አንድ ነገር አስጨርሰውኝ አያውቁም። ዛሬ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስናገር እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ሳይነቃነቁ አዳመጡኝ። ይህ መሣሪያ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ይሠራልን።”

ኃላፊው ስልኩን ዘግተው ጊጋውን አቀፉት። ወንበሩ ጸደቀለት፤ የእጅ መደገፊያም ተጨመረለት። በማግስቱ ለየቅርንጫፉ ካርድ ሊገዛ ገበያ ወረደ።

“ፈጣን አለ፣ እጅግ ፈጣን አለ” አለው ባለሱቁ። “የቱን ልስጥህ?”

“ዘገምተኛ የለህም? ከዐሥር የማያልፍ?”

“ወንድሜ፣ እሱን ምን ልትሠራበት ነው?”

“ልንሰበሰብበት።”